ሁለት ጆንያ

ሉቡንጋ የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ከወንዙ እስከ ገበያው ያለው ቁራጭ መንገድ በመጀመሪያ የአባቱ ኃላፊነት ነበረ፤ ከአባቱ ወደ እሱ ተላለፈ። ጉድጓድ ሲደፍንና ቦይ ሲጠርግ ጸጉሩ ሸበተ። ደመወዝ የሚያመጣው ሰው መምጣት ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም አካፋውን አላስቀመጠም። ለምን እንደሚለፋ ለሚጠይቁት፣ «ዝናቡ እኮ ደመወዜ መቅረቱን አልሰማም» ይል ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ድልድዮቹ ተሰበሩ፤ መኪኖችም ቀሩ። በመኪና ፈንታ አውሮፕላን መጣ። ከገበያው በላይ ያለው ቀጥ ያለ የመንገዱ ክፍል በዚያ ደን ውስጥ አስፋልቱ ያልተበላ ብቸኛው ቦታ ስለነበር አውሮፕላኖቹ የሚያርፉት እዚያ ላይ ሆነ። ቦታውን ለተዋጊዎቹ አዛዥ ያሳየው ራሱ ሉቡንጋ ነው። «እዚህ ላይ ዝሆን ቢሮጥም አይሰምጥም» አለው፣ ኮራ ብሎ።

አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከድንበር ማዶ ነው። የማዶው መንግሥት አካባቢውን የያዙትን ተዋጊዎች ይደግፋል፤ በራዲዮ እንደሚነገረው ሕዝቡን ከገዳዮች ለመጠበቅ ሲል። ይህ ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ከእነዚህ በፊት የነበሩት ታጣቂዎች መንደሩን ሁለቴ አቃጥለዋል፤ እነዚህ ከመጡ ወዲህ ቤት አልነደደም። ስለዚህ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲያርፍ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሉቡንጋም እጁ እስኪያቃጥለው አጨበጨበ። ጥይት፣ ቦት ጫማ፣ ቢራና ካርቶን ሙሉ መድኃኒት ተራገፈ። ከዚያ ባዶ የቀረውን የአውሮፕላን ሆድ ከኮረብታው በሰው ጀርባ የወረደ ጥቁር የማዕድን ድንጋይ በጆንያ በጆንያ ሞላው። ድንጋዩ ማዶ ተነጥሮ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል።

ሽማግሌው ኪቢራ በዱላቸው ተደግፈው ይህን አዩና፣ «ፍየል እየጎተተ የመጣ እንግዳ ለሰላምታ ብቻ አልመጣም» አሉ። «ከጓዳ ያለችውን ልጅ አይቷል ማለት ነው።»

«እኛ ምን ልጅ አለን፣ ባባ ኪቢራ?» አለ ከጫኞቹ አንዱ።

«ጀርባህ ላይ ያዘልካት ታዲያ ማን ናት?»

ጫኞቹ ሳቁ። የተቀለደበትም እየሳቀ ጆንያውን ወደ ትከሻው ገፋ አድርጎ ሄደ። በአውሮፕላኑ ያልተጠቀመ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ጫኙ የዕለት ጉርሱን ያገኛል፤ ሴቶቹ ፉፉ የሚሉትን የካሳቫ ገንፎና የካሳቫ ቅጠል ወጥ ይሸጣሉ፤ ኪቢራ ራሳቸው ከሚወርደው ቢራ ድርሻቸው ቀርቶባቸው አያውቅም።

የሉቡንጋ ሥራ ሁለት ነበር። አውሮፕላኑ ሲቃረብ ፊሽካ እየነፋ ከመንገዱ ላይ ሰውና ፍየል ያባርራል። ዝናብ ካደረ ደግሞ የመንገዱን ጫፍ በተረከዙ እየረገጠ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ለካዛዲ ይነግራል። ካዛዲ የጭነቱ ኃላፊ ነው፤ ከሩቅ የመጣ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ሰውን በከንቱ የማያስቀይም። ለረጅም ጊዜ ለሉቡንጋ በጨውና በሳሙና ሲከፍለው ቆይቶ አንድ ቀን፣ «ቤትህ ዛሬም በቅጠል ነው የተከደነው?» አለው።

«በምን ልክደነው?»

«በሚቀጥለው በረራ ሁለት ጆንያ በስምህ ላስጭንልህ። ማዶ ተሸጦ በቆርቆሮ ይመለስልሃል። ለሰው ግን አታውራ፤ ሁሉም ለኔም ይላል።»

ሉቡንጋ ለሚስቱ ለፌዛ ብቻ ነገራት። ፌዛ የምትተኛው ከጣሪያው የሚፈሰውን ውሃ የሚቀበል ድስት ከራስጌዋ አስቀምጣ ነበር። ያን ዕለት ቆማ ጣሪያውን በዓይኗ ስትለካ አያት።

በረራው የዋለው ዝናብ ባደረበት ቀን ነው። አውሮፕላኑ ተራግፎና ተጭኖ ሊነሣ ሲል አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ከገበያው በኩል ብቅ አሉ። ከፊታቸው ማማ አሱሚኒ ይራመዳሉ። የመንደሩ አዋላጅ ናቸው፤ የሉቡንጋን ልጆች በሙሉ የተቀበሉት እሳቸው። ቃሬዛው ላይ የተኛችው የገዛ ልጃቸው ሲፋ ነበረች። ሕፃኑ በማኅፀኗ ውስጥ ተጋድሞ አልወርድ ብሏል።

«ይሄን የኔ እጅ አይችለውም» አሉት ካዛዲን። «የሚቀድ ሐኪም ነው የምትፈልገው። ከተማ አድርሱልኝ።»

ካዛዲ አብራሪውን በባዕድ ቋንቋ አነጋገረው። አብራሪው ቃሬዛውን አየ፤ ቀጥሎ ሰማዩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሞልቷል ነው የሚለው፣ ማማ።»

«ሰው እኮ ናት።»

«እሱን እኔም አየሁ። ይሄ ብረት ግን የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው።»

«ጆንያ አውርድ እንግዲያ። ድንጋይ እንደሆን ቢያድር አይሸት።»

«የአዛዡ ጆንያ ነው። ዛሬ እሱን ባወርድ ነገ እኔን ነው የሚያወርዱኝ።» ካዛዲ ይህን ብሎ ሉቡንጋን በክንዱ ይዞ ከክንፉ ጀርባ ወሰደው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ላወርድ የምችለው ያንተን ሁለቱን ነው። በሩ ሥር ናቸው። እነሱ ከወረዱ ልጅቷ ትገባለች። ላውርድ?»

ሉቡንጋ አልመለሰም። ሌላ በረራ መቼ እንደሚመጣ፣ ካዛዲ እስከዚያ ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማማ አሱሚኒ እኮ ስንቱን የተጋደመ ሕፃን በእጃቸው አዙረዋል ብሎ አሰበ። አዛዡ ራሱ ድንገት መጥቶ አንድ ጆንያ ይውረድ ይል ይሆናል ብሎም አሰበ። ካዛዲ ጠበቀው፤ ፊቱንም አየው። ከዚያ ትከሻውን መታ አድርጎት ጆንያዎቹን ሳያወርድ ወደ በሩ ሄደ።

«ሉቡንጋ!» ማማ አሱሚኒ ከወዲያ ተጣሩ። «ልጄ፣ መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ። ከነጭነቱ እሷንም ይችላል በለው። አንተን ያምንሃል።»

ሉቡንጋ ከክንፉ ጀርባ ወጣ። «ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው፣ ማማ። ጫፉ ረስርሷል። በዚህ ላይ ሰው ከተጨመረ አይነሣም።»

አልዋሸም። መንገዱ በእርግጥ አይችልም ነበር።

ማማ አሱሚኒ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሩ። «እሱ አይችልም ካለ አይችልም» አሉ። «አንሡ፤ በእግር እንሄዳለን።»

ሉቡንጋ ፊሽካውን ነፋ። አውሮፕላኑ ጭቃ እየረጨ ሮጦ ከዛፎቹ በላይ ተነሣ። ድምፁ ሳይጠፋ ሉቡንጋ ቃሬዛውን ሮጦ ደረሰበትና የፊተኛውን እንጨት ከአንዱ ጎረምሳ ተቀበለ።

በደን ውስጥ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ አንድ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ተሸካሚዎቹ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ፤ እሱ ግን ቦታውን አልለቅም አለ። «ኧረ ባባ፣ እኛም ትከሻ አለን» ይሉታል፤ አይሰማም። ከኋላ ያለው ጎረምሳ፣ «ተዉት፣ እሱ ይሄንንም መንገድ ደመወዝ የሚከፈልበት መስሎታል» ሲል ሁሉም ሳቁ። ሲፋ መጀመሪያ ትጮህ ነበር። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ጩኸቷ ቆመ። ሉቡንጋ ያን ጸጥታ ጀርባውን ሰጥቶ ተሸከመው።

ነርሱ የሚችለውን አደረገ። ሕፃኑ ግን ሞቶ ወጣ። ሲፋ ከብዙ ደም በኋላ ተረፈች፤ ከእንግዲህ ግን እንደማትወልድ ለእናቷ ነገራቸው። ሉቡንጋ ደጅ ላይ ቆሞ፣ በአውሮፕላን ያን ያህል መድኃኒት ሲወርድ እዚህ እንዴት ታጣ ብሎ ጠየቀ።

«አውሮፕላን የሚያመጣው ለጦር ሰፈሩ ነው» አለ ነርሱ። «እሷን ደግሞ ጠዋት ከተማ ብታደርሷት ኖሮ ሕፃኑም ይተርፍ፣ እሷም ገና ትወልድ ነበር።»

ቆርቆሮው በሚቀጥለው በረራ መጣ። ካዛዲ ቃሉን ጠበቀ። ሉቡንጋ ግን ሊከድንበት አልቸኮለም፤ ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሰነበተ። ፌዛ፣ «ምነው፣ ይበስላል ብለህ ነው?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

በዚያ አገር ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ገንዘብ አይቀበልም። ታማሚው ከተረፈ ግን ቤተሰቡ ከፊት ሆኖ ለተሸከመው ሰው ዶሮ ሠርቶ ያመጣለታል፤ እሱም ሰጪው ፊት ቁጭ ብሎ ይበላዋል። አልበላም ማለት በታማሚው ላይ ክፉ መመኘት ነው። ሲፋ ተነሥታ መራመድ በጀመረች ሰሞን ማማ አሱሚኒ ዶሮውን በዘንባባ ዘይት ሠርተው፣ በሙዝ ቅጠል ሸፍነው፣ ሉቡንጋ ቤት ገቡ።

«ትከሻህን እግዜር ያጽናልህ» አሉት። «ሌላው ሲቀያየር አንተ አልለቀቅኻትም። ሲፋም እሱን ነው የምታወራው።»

ሉቡንጋ አንገቱን ደፋ። ማማ አሱሚኒ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። «ቆርቆሮው ያምራል። መንግሥት ደመወዝህን አሰበልህ እንዴ?»

«መንግሥት ደግሞ ከየት መጥቶ፣ ማማ» አለች ፌዛ፣ ደስ ብሏት። «ካዛዲ በስሙ ሁለት ጆንያ በአውሮፕላን ልኮለት ነው እንጂ።»

«እሰይ። መቼ?»

ፌዛ ልትመልስ አፏን ከፍታ ባሏን አየች።

«ያን ዕለት ነው» አለ ሉቡንጋ። «በአውሮፕላኑ በር ሥር ነበሩ።»

ማማ አሱሚኒ ቆርቆሮውን እንደገና አዩት። «ሁለት ጆንያ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ሲፋ ያን ያህል አትከብድም።»

«አትከብድም።»

ሉቡንጋ ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ። ማማ አሱሚኒ መልሰው ወደ እሱ ገፉት።

«ብላ።»

«ማማ፣ እኔ ይሄን ዶሮ...»

«ላንተ ብዬ አይደለም። ያልተበላ ዶሮ ታማሚዋን ወደ ሞት ይጠራል። የቀረችኝ እሷ ናት። ብላ፤ ጨርሰው።»

ሉቡንጋ በላ። ማማ አሱሚኒ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እያንዳንዱን ጉርሻ እስኪውጥ ጠበቁት። ፌዛ ውሃ ላምጣ ብላ ወጥታ ደጅ ቀረች።