ግሉኮሱ ሲያልቅ

ሴትየዋን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመንኳትም። አዲስ ተመራቂ ነርሶቻችን ዓመቱን ሙሉ የወሰዱት የሥራ ላይ ሥልጠና ምን ውጤት እንዳመጣ ልትለካ መጣች ተባልን። ጋውን አትለብስም። ደረቷ ላይ ግን የድሮ ነርሶች የሚሰኩት ዓይነት ሰዓት አለ፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል።

«ነርስ ነበሩ እንዴ?» አልኳት።

«ቆየ» ብላ ሰዓቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

አዲሶቹ ነርሶች አቻንና ኦጅዋክ መጠይቁን ሞልተው ሰጧት። በራስ መተማመን፣ አምስት ከአምስት። ሴትየዋ ሳታነበው አጠፈችና በጋምቤላ ሙቀት ፊቷን ታራግብበት ጀመር። ያኔ ይበልጥ ጠረጠርኳት። የተሞላ ቅጽ የማያነብ ገምጋሚ የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ።

ከዚያ አስታማሚዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ግሉኮሱ ሲያልቅ ማንን ትጠሪያለሽ?»

ከአቦቦ ልጇን ይዛ የመጣች እናት በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷን ነው። ነርሶቹም እሷን ነው የሚጠሩ።»

የቀሩትም እኔን አሉ። ደስ አለኝ፤ የጋውኔን ኮሌታ ሳላስበው አስተካከልኩ።

ሴትየዋ ቀና አለች። «ያሠለጠንሻቸው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

መልሴን ጻፈች። አራት ቁጥር አልጋ ላይ ግሉኮሱ እያለቀ ነበር። ሴትየዋ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ ሰዓቷን ቀና አድርጋ ሰከንዶቹን መቁጠር ጀመረች። አቻን አልጋው አጠገብ ቆማለች፤ እጆቿን አጣምራ እኔን ታያለች።