የሊቤ ችካሎች

ሊቤ ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ማዶ ሣር እያጨደ፣ በበርሜልና በሳንቃ ራሱ በሠራት ጀልባ አሻግሮ ቡራዩ የሚሸጥ ሰው ነው። ዓይን አፋርነቱን አገር ያውቀዋል። የሣሩን ዋጋ ሲጠየቅ እንኳ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መሬት መሬት እያየ ነው የሚናገረው። ማዶ ያለችውን ወርቅቱን ከወደዳት ቆይቷል፤ ግን "አካም ቡልቴ" ብሎ እንዴት አደርሽ ከማለት በቀር አንድ ቃል ወጥቶት አያውቅም።

እንደ ምንም ብሎ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ኦቦ ቦጂያ ሁለት ጊዜ "እናስብበት" ብለው መለሷቸው። እንደ ወጉ ቁርጡ የሚነገረው በሦስተኛው ነው፤ ለእሑድ ጠዋት ተቀጠረ። "ያን ቀን ከቀራችሁ ግን ልጄን እንደናቃችሁ ነው የምቆጥረው" አሉ።

በዚያው ሳምንት፣ አዲስ አበባ በማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ልትወስድ ነው የሚለው ተቃውሞ ጋለ። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ግድቡ ላይ ወታደር ቆሞ ሰብሰብ ብሎ የሚሄድ ሰው አላሳልፍ አለ። የቀረው መንገድ ውሃው ነው። ውሃው ደግሞ ዝናብ በመጥፋቱ ሸሽቶ፣ ግማሹ ጭቃ ሆኗል።

"ሊቤ ይቀዝፋል፣ እኛ እንቀመጣለን፤ ምን ችግር አለው?" አለ ባለ ሱቁ ሙሄዲን፣ አንደኛው ሽማግሌ።

ሌላው ሽማግሌ፣ ኦቦ ደገፋ፣ ደነገጡ። "ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲሄድ የት አይተሃል? ሳይፈቀድለት ደጃቸው ከታየ ነገሩ አለቀ!"

"ታዲያ ማን ሊቀዝፍ ነው?"

ሊቤና ኦቦ ደገፋ ወደ ሙሄዲን ዞሩ።

"እኔ? ኧረ በአላህ! እኔ ከጄሪካን ውሃ ሌላ አላውቅም!"

ሊቤ ግን ዘዴ ነበረው። ግድቡ ሳይሠራ ወንዙ ይወርድበት የነበረው ቦታ እስካሁን ለጀልባ የሚበቃ ውሃ አለው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በዘንግ ጥልቀቱን እየለካ፣ በወንዙ መንገድ ከዳር እስከ ዳር የባሕር ዛፍ ችካል ተከለ። ሙሄዲን እንዳይስት በየጫፉ ቀይ ፌስታል አሰረበት።

"ቀዩን ተከተል። ከቀዩ ከወጣህ ጭቃ ነው" አለው።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ተሳፈሩ። ሊቤ ዛፍ ሥር ተደብቆ ያያል።

"ለምንድን ነው የምትዞረው?" ይላል ሙሄዲን።

"አንተ ስለምታዞራት ነዋ!" ይላሉ ኦቦ ደገፋ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው።

እንደዚያም ሆኖ መሃል ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ችካል የለም! ጀልባዋ ጭቃ ላይ ወጥታ ቆመች። ማዶ ዳር ላይ ወጣቶች ችካሎቹን ተሸክመው ይጨፍራሉ፤ ከፊት የወርቅቱ ታናሽ ወንድም ሁንዴ ነው።

"ላፍቲ ኬኛ! መሬታችን ነው!" ይጮኻል። "የብሱን ለክታችሁ ስትጨርሱ ውሃውን ልትሸነሽኑት መጣችሁ?"

ወይ ጉድ! ለካ ባለ ቀይ ምልክት ችካል ሲያዩ የመሬት ቀያሽ የመጣ መስሏቸው ነው። ኦቦ ደገፋ ሊያስረዱ ቢሞክሩም ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ የሚሰማቸው የለም። ድንጋይ ያነሳም አለ።

ሊቤ ከዛፉ ሥር ወጣ። ጉሮሮውን ለመጥረግ እንኳ ጊዜ አልነበረውም።

"ሁንዴ! ችካሉ የኔ ነው! ማስተር ፕላን አይደለም፣ ሽማግሌዎቼ ናቸው! እኔ ወርቅቱን... ወርቅቱን እወዳታለሁ!"

ማዶ ሳቅ ፈነዳ፤ አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው።

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረንም ነበር፣ ጋሼ?" አለ ሁንዴ።

ወጣቶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና፣ ችካል በነቀሉበት ራሳቸው ቆሙበት። "እኔ ቀይ ፌስታል ነኝ፣ በኔ በኩል!" እያሉ ጀልባዋን እየገፉ አሻገሯት።

ሊቤ ግን ያን ጊዜ ነው እፍረቱ የመጣበት። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቁጭ አለ።

ከምሳ በኋላ ወጣቶቹ ሽማግሌዎቹን መልሰው አመጧቸው። ሙሄዲን ቆሞ ቀይ ፌስታል ሲያውለበልብ ጀልባዋን ሊገለብጣት ምንም አልቀረው።

"ሰጡህ!" አለ ገና ሳይወርድ። "ኦቦ ቦጂያ ምን አሉ መሰለህ? 'ያመነታሁት ይሄ ሰው አፍ ይኖረው ይሆን ብዬ ነው፤ ዛሬ ሰማሁት' አሉ። ድምፅ ብቻውን ቢሻገር ወግ አይከለክልም አሉ።"

ሊቤ መሬት መሬት እያየ፣ "ችካሎቹስ?" አለ።

"የበላነው ምሳ የተሠራው እነሱን ማግደው ነው። ወርቅቱ መልእክት ልካልሃለች።"

ሊቤ ቀና አለ።

"እንጨቱ እርጥብ ነው፣ በጭስ አለቅሁ፤ ለሌላ ጊዜ ደረቅ ይላክልኝ ብላለች።"