በረኛው በእረፍት ሰዓት የት ሄደ?

በሰፈሩ የሚታወቀው ወሬ ይህ ነው፦ በረኛችን ሙጫው ጨዋታውን ሸጠው።

ፀጉር ቤት ብትገቡ ሞተር ሳይክል ተሰጥቶታል ይሏችኋል። አትክልት ሻጯ ጋ ስትደርሱ ሞተሩ አድጎ ቤት ሆኗል። ጎማ ጠጋኙ ደግሞ "ሞተሩንማ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ" ብሎ ይምላል፤ ቀለሙ ምን ነበር ስትሉት ግን ድንገት ሥራ ይበዛበታል።

ከወሬው ውስጥ እውነቱ ይህ ብቻ ነው። ቡድናችን ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ለማለፍ በተጫወተ ቀን፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አልቆ ሳለ፣ በረኛው በእረፍት ሰዓት ጓንቱን እንዳጠለቀ ከሜዳ ወጥቶ ሮጠ። ሳይመለስ ቀረ። ግራ ተመላላሹ በባዶ እጁ ጎል ላይ ቆሞ ሦስት ገባበት።

የቀረው ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን የምናውቅ ሰዎች አፋችንን ዘግተን የቆየነው ሙጫው የሚሠራበት ዳቦ ቤት እንዳይዘጋ ብለን ነበር። አሁን ባለቤቷ በቃኝ ብላ ዳቦ ቤቱ ጫማ ቤት ሆኗል፤ ጫማ ደግሞ ማንም አይበላም። ስለዚህ ይነገር።

ሙጫው እንጀራው ሊጥ ማቡካት ነው። ቅጽል ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው። ኳስ አንዴ እጁ ከገባች አትወጣም፤ አንድ ተጋጣሚ ቡድን "ሰውየው ሊጡን ሳይታጠብ ነው የሚገባው" ብሎ ለዳኛ እስከ መክሰስ ደርሷል። ዳኛውም ጎንበስ ብሎ እጁን አሸተተው አሉ። ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ጉልበቱ አልከዳውም፤ የከዳው ዓይኑ ነው። ሌላው ሰው ሲተኛ ሲያቦካ የሚያነጋ ሰው ልምምድ ላይ ሲቆም ኳሷ ሁለት ሆና ትመጣበታለች። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ተወርውሮ የሚይዘው የውሸቷን ነበር።

ይህን ያስተዋለው የጂም ቤቱ ባለቤት ነው። ቁም ሳጥን የሚያክል ሰው ነው፤ በር ሲገባ በጎኑ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ሙጫውን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ ቆርቆሮ አሳየው።

"ይሄ ለጡንቻ አይደለም" አለው። "ጡንቻማ በሬም አለው። ይሄ ለጭንቅላት ነው። ሐሳብ ይሰበስባል፣ ዓይን ይከፍታል። ኳሷ ሳትመታ የት እንደምትሄድ ታያታለህ።"

"የተከለከለ ነገር እንዳይሆን ብቻ!"

"ቫይታሚን በለው። ልብ የሚያመው ሰው ግን እንዳይነካው። ያንተ ልብ ደህና ነው?"

"የኔ ልብማ ብረት ነው።"

"በቃ፣ ውሰድ።"

የሕክምና ምርመራው ይኸው ነበር።

ማለዳ አንድ ማንኪያ፣ ከልምምድ በፊት አንድ ማንኪያ። ዱቄቱ እንደ ሬት ስለሚመር በውሃ በጥብጦ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። ደግሞም ነቃ፤ አንዋሽም። ኳሷ አንድ ሆነች። ችግሩ ትራስ ላይም ነቅቶ መቅረቱ ነው። ጣሪያው ላይ ያፈጣል፣ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፣ ሚስቱ ስትገላበጥ "ማዕዘን ምት!" ብሎ ይነሳል። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ምስጢር ስትሰማ የምትውል ሴት የባሏን ቆርቆሮ ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቫይታሚን።"

"ቫይታሚን ነው እንደ ጉጉት ያስፈጠጠህ? እማዬ ብታገኘውስ?"

እውነቷን ነው። እናቷ አብረዋቸው ይኖራሉ። ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ደረጃ መውጣት እንኳ ከልክሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ነጭ ዱቄት ካዩ የወተት ዱቄት ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ የልብስ ሳሙና ሻያቸው ላይ ጨምረው አማስለው፣ አረፋውን ሲያዩ "የዛሬውስ ወተት ነው" ብለው ሊጠጡ ሲሉ ነው ልጃቸው የደረሰችባቸው። ሙጫውም ቢሆን አማቱን ይወዳቸዋል። ሚስቱን ሲጠይቅ ቤተሰቡ በሙሉ "ሊጥ አቡኪ?" ብሎ ሲያፌዝ "ቢያንስ ልጄ ዳቦ አታጣም" ብለው የዳሩለት እሳቸው ናቸው።

"ሁለተኛ ይሄ ነገር ከደጄ እንዳይገባ!" አለች ሚስት።

እሱም አከበረላት፤ በራሱ መንገድ። ዱቄቱን ወደ ዳቦ ቤት ወሰደው። ማቡኪያ ክፍል ውስጥ ማሻሻያ የሚሉት ነጭ ዱቄት አለ፤ ሊጡ ቶሎ እንዲነሳ፣ ዳቦው እንዲነፋ ከእርሾው ጋር የሚጨመር፣ በቆርቆሮ የሚመጣ። ሙጫው ባዶ የማሻሻያ ቆርቆሮ ፈልጎ የራሱን ዱቄት ገለበጠበትና ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። እውነተኛው ማሻሻያ ከታችኛው ላይ ነው። እንዳይምታታበት የራሱ ቆርቆሮ ክዳን ላይ በአውራ ጣቱ ሊጥ ለጠፈበት። ሊጡ ደረቀ። ምልክቱ ያ ብቻ ነበር። ደግሞስ ማን ይነካዋል? የሚያቦካው እሱ ብቻ ነው።

የጨዋታው ቀን ግን አላቦካም። ጋጋሪውን "ለዛሬ አንተ ያዝልኝ" ብሎት ነበር። ማለዳ ቦርሳውን አንግቶ ጎራ ሲል ጋጋሪው የምድጃው አፍ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሙጫው ከላይኛው መደርደሪያ ቆርቆሮውን አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወጣ። ክዳኑን አላየውም። እንግዲህ ጣጣው ሁሉ ከዚህች ይጀምራል።

መልበሻ ክፍል ውስጥ አሠልጣኙ እየጮኸ ሳለ በጥብጦ፣ አፍንጫውን ይዞ ጨለጠ። ከዚያ የሆነውን ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከቅርብ የተመታ አወጣ። በሰው መሀል የመጣ አወጣ። ፔናሊቲ ተሰጠበት፤ የተጋጣሚው አጥቂ ገና ሲንደረደር ሙጫው ወደ ግራ ተወርውሮ ኳሷን ደረቱ ላይ አጣበቃት።

"ሙጬ! ዛሬ ምን ቀምሰህ ነው?" ይላል ግራ ተመላላሹ እየተንጠለጠለበት።

እረፍት ላይ ሙጫው ሁለተኛውን ማንኪያ በጠበጠ። ግራ ተመላላሹ ጠርሙሱን ከእጁ መነተፈው።

"ለብቻህ? ለኔም አቅምሰኝ እንጂ!" ጎንጨት አለና ወለሉ ላይ ተፋው። "አንተ ሰውዬ፣ ሊጥ ነው እንዴ የምትጠጣው?"

"ይመራል፤ ቻለው።"

"የምን መምረር? ይጎመዝዛል እንጂ! ጥርሴ ላይ ተለጠፈ እኮ!"

ሙጫው ማንኪያውን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሮ ላሰ። ሥራው ነውና ለማወቅ ሁለተኛ መላስ አላስፈለገውም። ክዳኑን ገለበጠው። ሊጥ የለበትም፤ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

ክው አለ። ማሻሻያው እዚህ ከሆነ የእሱ ዱቄት ማቡኪያው ጋ ነው። ጋጋሪው ሊጡን ሲያቦካ የጨመረው እሱን ነው። በዕረፍት ቀን ደግሞ አማቱ ትኩሱ ዳቦ ሳይደርስ ሻያቸውን አይነኩም፤ አቡኪ አማች አለኝና የቀዘቀዘ አልበላም ይላሉ። ትኩሱ የሚወጣው አሁን ነው።

የአሠልጣኙን ስልክ ነጥቆ ሚስቱ ጋ ደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። ፀጉር ማድረቂያው ሲጮህ እንኳን ስልክ መብረቅ አትሰማም። ዳቦ ቤቱ ጋ ደወለ፤ ተይዟል። እንደገና ደወለ፤ ተይዟል። አማቱ ስልክ የላቸውም፤ ጆሮ ያሞቃል ይላሉ።

"ወዴት ነው?" አለ አሠልጣኙ በሩ ላይ።

"መጣሁ!"

እስከ ዛሬ በሰፈሩ ወጥቶ የቀረ ሰው ካለ "እንደ ሙጫው መጣሁ ብሎ ነው" ይባላል።

ዳቦ ቤቱ ከሜዳው ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሙጫው የተሰለፈውን ሰው ገፍትሮ ገባ።

"አትሽጡ! አቁሙ!"

ጋጋሪው በፎጣ ላቡን እየጠረገ ወጣ። "ጨዋታው አለቀ እንዴ?"

"የትኛውን ነው የጨመርከው? ከየትኛው ቆርቆሮ?"

"ከታችኛው ነዋ፣ እንደነገርከኝ! ግን ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ዳቦው ሳይነሳ ቀረ። ተመልከት፣ የተረገጠ ጫማ መስሏል።"

"ክዳኑ ላይ የነበረው ሊጥስ?"

የጋጋሪው ፊት በራ። ይህ ሰው ሥራ ወዳድ ነው፤ በሽታው ንጽሕና ነው። "ፈግፍጌ አወለቅሁልህ! ትናንት አንተ ስትሄድ መደርደሪያውንም አወረድኩ፣ ቆርቆሮዎቹንም አጠብኩ፣ መልሼ ደረደርኩ። አሁን ክፍል መሰለ!"

ሙጫው ሊያንቀው ፈልጎ ጊዜ አጣ። "የእማማስ ዳቦ?"

"የእሳቸውማ መጀመሪያ ነው የሄደው። ትኩሱን!"

ከዚያ በኋላ ሲሮጥ ያየው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚያወራው። ጎማ ጠጋኙ "ማንን እየሸሸ ነው?" አለ። ሙጫው ግን የራሱ ልብ ጆሮው ውስጥ ሲደልቅ ብቻ ነበር የሚሰማው። የአማቱ ልብ ስንት ምት ይችል ይሆን እያለ ነበር የሚሮጠው። አጥር ዘለለ፣ የተሰጣ አንሶላ በጥሶ አለፈ፣ በሩን በትከሻው ከፈተው።

አማቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ መነጽር፣ እጃቸው ላይ የተቆረሰ ዳቦ። ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጭቃውን፣ ጓንቱን፣ የሰው አንሶላ ትከሻው ላይ።

"ምነው ልጄ፣ ጎል ገባብህ?"

ዳቦውን ከእጃቸው ነጠቀ። "ምን ያህል በሉ እማማ?"

"አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን ጀምሬ ነበር፣ ነጠቅኸኝ እንጂ። ደግሞ ምን ዓይነት ዳቦ ነው? ስታቦካው ተኝተሃል?"

"ልብዎትን ምን ይልዎታል? ይመታል?"

"ባይመታ አናግርህ ነበር?"

ብድግ አድርጎ ደረቱ ላይ አጣበቃቸው፤ እንደዚያች ፔናሊቲ። ክሊኒኩ ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ ነው። እሳቸው ጀርባውን በጡጫ እየደበደቡ "አውርደኝ! ሰው ምን ይለኛል! ጫማዬ ወለቀ!" እያሉ መንገዱ ሁሉ በር ከፍቶ አያቸው። ጨዋታ ሸጦ አማቱን ይዞ ጠፋ የሚለው የወሬው ክፍል የተጨመረው ያን ጊዜ ነው።

ነርሷ አልጋ ላይ አስተኝታቸው ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያ ጠቀለለች። ሙጫው ግድግዳ ተደግፎ ፊቷን ነው የሚያየው። ሚስቱም ወሬው ደርሷት ማበጠሪያ እንደያዘች ገባች፤ ባሏን ስታይ ሳትጠይቅ ገባት።

"ያ ቆርቆሮ ነው አይደል?"

ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ። ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ።

ሐኪሙ ታሪኩን ሰማ፣ የአማትየውን ልብ አዳመጠ፣ ደግሞ አዳመጠ።

"ደህና ናቸው" አለ በመጨረሻ። "በዚያ ሁሉ ሊጥ ውስጥ ሲበተን ለአንድ ዳቦ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ቢሆንም እየተከታተልን እናቆያቸዋለን። የተሸጠውን ግን በሙሉ መልሱ።" የዳቦ ቤቱ ባለቤት "አልነሳልንም፣ መልሱና ሌላ ውሰዱ" ብላ የሰበሰበችው በዚህ ነው። ያን ቀን ዳቦውን የበላ ሰፈር ሁሉ ነቅቶ ምንጣፍ ሲያራግፍ ዋለ የሚሉ አሉ፤ በዕረፍት ቀን ሁልጊዜም ያራግፋል።

ሙጫው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ነርሷ ዞር ብላ አየችው።

"አንተስ? ከንፈርህ ለምን ነጣ?"

"ሮጬ ነው ሲስተር።"

ክንዱን ጠቀለለችው። አየች። ፈታችና በሌላኛው ክንዱ ጠቀለለች። ከዚያ ምንም ሳትል ሐኪሙን ጠራችው፤ አማቱን ከአልጋው አስነስተው እሱን አስተኙት። ሐኪሙ ስንት ወር፣ ስንት ማንኪያ፣ እንቅልፍስ እያለ ጠየቀው። ሲጨርስ ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ "ሮጠህ የመጣኸው ለሳቸው ይመስልሃል" አለ። "ትንሽ ብትቆይ ሜዳው ላይ ነበር የምትወድቀው።"

አማቱ አንድ እግራቸው ባዶ እንደሆነ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጓንቱን ከእጁ ያወልቁለት ነበር። "እና ይሄ ልጅ ዳቦ መብላት ይችላል?" ብለው ጠየቁ።

ያን ጨዋታ ተሸነፍን። ዱቄቱን ተወው፤ ጎል ላይ መቆምም እስኪሻለው ተከለከለ። ቡድኑ ሲያገኘው ፊት ያዞርበታል፤ እሱም ዳቦ ቤቱን አሳልፎ ላለመስጠት ዝም አለ። አንድ ማለዳ ግን ግራ ተመላላሹና አሠልጣኙ ማቡኪያ ክፍል ድረስ መጡበት።

"በእናትህ ሞተሩ የታለ?" አለ ግራ ተመላላሹ።

ሙጫው በሩን ዘጋና ሁሉንም ነገራቸው። ቆርቆሮውን፣ ክዳኑን፣ አማቱን፣ ልቡን። ግራ ተመላላሹ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

"ቆይ" አለ አሠልጣኙ። "እና ያን ዕለት ስትገባ ጠጥተህ የነበረው…"

"የዳቦ ማሻሻያ።"

ሙጫው ክንዱን እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ከቶ አገላበጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ተራ በተራ አያቸው።

"እሺ፣ ፔናሊቲዋን ማን ያዛት?"