ወንድይራድ ብርጭቆ መንፋት ሲጀምር

ሸዋዬ ባዶ መስኮት ትወዳለች። አካላ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቷ ግድግዳው ነጭ፣ ሶፋው ግራጫ ነው፤ የሳሎኑ መስኮት ላይ ደግሞ ሶደርማልም ሰፈር ካለች አንዲት ብርጭቆ ሠሪ ራሷ መርጣ የገዛችው ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ብቻውን ይቆማል። አበባ እንኳ አታደርግበትም። የክረምቷ ፀሐይ ብቅ ስትል ሰማያዊው ብርሃን ወለሉ ላይ ሲፈስ ማየት ይበቃታል። ለትምህርት ስዊድን መጥታ፣ ኬሚስትሪ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ የተዝረከረከ ነገር አትወድም።

ባሏ ወንድይራድ ደግሞ ከመንገድ መሐንዲስነቱ ጡረታ እንደወጣ፣ ፋርስታ አካባቢ ብርጭቆ አቅልጠው እየነፉ ዕቃ መሥራት የሚያስተምር ኩርስ ገባ።

መጀመሪያ ያመጣው ነገር የሲጋራ መተርኮሻ ይመስል ነበር። "ሳህን ነው" አላት። ቀጥሎ አንገቱ የተጣመመ ጠርሙስ መጣ፤ ከዚያ ሻማ የማይገባበት የሻማ ማስቀመጫ። ኮሪደሩ ሞላ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ሞላ። አቧራ ልትጠርግ አንዱን ስታነሳ ሌላው ይንከባለላል፤ ቂጡ ያልተስተካከለ ዕቃ መቼ ይቆማል!

"ጎኑ ያበጠው በእጅ ስለተሠራ እኮ ነው" ይላታል።

"ያም በእጅ የተሠራ ነው፤ አላበጠም" ትለዋለች ወደ ሰማያዊው እየጠቆመች።

ልጃቸው ፌበን በስልክ ትስቃለች። "ተዪው እማዬ፣ ደስ ብሎታል" ትላለች በስዊድንኛ። "እንግዲያው መጥተሽ ውሰጂለት!" ስትባል የራሷ ቤት መጥበቡ ትዝ ይላታል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወዳጆቻቸው አፀደና ፋና ሻይ ሊጠጡ መጡ። አፀደ ለይሉኝታ ያህል አንዱን አንስታ "ወንድም ወንድይራድ፣ እጅህ ይባረክ!" አለችው። በቃ፣ ለሁለቱም በጋዜጣ ጠቅልሎ አስያዛቸው፤ ለመዘምራኑ ሁሉ እንደሚሠራም ቃል ገባ። ሸዋዬ እንግዶቹን ሸኝታ ስትመለስ መስኮቱን አየች።

"ሰማያዊው የት አለ?"

"ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ለአዲሶቹ ቦታ ጠበበና…"

"እውነቱን ልንገርህ? ጠማማ ናቸው! ሁሉም! ሰዉም የሚያመሰግንህ አፍሮ ነው!"

ወንድይራድ ሰማያዊውን አውጥቶ ቦታው መለሰ፤ የራሱን ለቅሞ ካርቶን ውስጥ ከተተ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኩርሱ ዝር አላለም።

እፎይ እላለሁ ብላ ነበር። እሱ ግን ቤት ዋለ። ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሞ "ቢላዋው ደንዟል" ይላል። ማጠቢያ ማሽኑን ስታስነሳ መጥቶ ሙቀቱን ይቀንሰዋል። ሬዲዮዋን ያጠፋና "እየሰማሽ ነበር እንዴ?" ይላታል። አንድ ጠዋት ትዕግሥቷ አለቀ።

"ካፖርትህን ልበስ!"

ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን ይዘው፣ መሐል ከተማ ላይ ቀይረው ፋርስታ ደረሱ። ምድጃው ፊት ሲቆም ወንድይራድ ሌላ ሰው ሆነ። ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ረጅሙን ቧንቧ ያሽከረክራል፤ አንድም ቃል አይተነፍስም። ይህን ያህል ዝም ብሎ አይታው አታውቅም። አስተማሪዋ ለሸዋዬም ቧንቧ ሰጠቻት። ጫፉ ላይ ያለው የቀለጠ ብርጭቆ እንደ ማር ይለጠጣል። መነጽሯን ልታስተካክል ለአፍታ ስታቆም ወደ ጎን ተዘነበለ።

ወንድይራድ አልሳቀባትም። ቧንቧውን ተቀብሏት ማሽከርከሩን ቀጠለ። "ካቆምሽ ይወድቃል፤ እኔም ስንቴ ጥያለሁ" አላት።

ሲመለሱ ባቡር ውስጥ ቁርጡን ነገረችው። "የሳሎኑ መስኮት የኔ ነው። የማእድ ቤቱን ውሰድ። ሌላ ቦታ አንድም እንዳላይ።"

"መታጠቢያ ቤቱስ?"

"ወንድይራድ!"

"እሺ፣ እሺ።"

በሳምንቱ ጥቅል በብብቱ ይዞ፣ አውራ ጣቱ ተቃጥሎ ገባ። ሸዋዬ ምን እንደሠራ አልጠየቀችውም። "ጓንት የሚባል ነገር የለም እዚያ ቤት?" እያለች፣ እየተነጫነጨችበት ጣቱን ቅባት ቀባችለት።