«ነርስ ነሽ?» «ኢንሻአላህ»

ከመካነ ሰላም የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ሚኒባሱ ከገበያው ማዶ ሞተሩን አስነስቶ ያጓራል፤ ረዳቱ «ወረኢሉ! ደሴ! የቀረ!» ይላል፤ እናቴ ደግሞ የምሄድበትን አገር ለተሳፋሪው ሁሉ ታዳርሳለች። «ዮርዳኖስ ነው የምትሄደው፤ ጌታችን የተጠመቀበት!» ትላለች፣ ሰው ቤት ልሠራ ሳይሆን ልሳለም የምሄድ ይመስል። የንስሐ አባቴ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው መጥተው «ስትመለሺ ከወንዙ ትንሽ» አሉኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባም እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። እኔም ማተቤን በጣቴ ይዤ «አሚን፣ አሚን» አልኩ። እኛ ሰፈር መራቂ አይመረጥም።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ እትዬ ዘይነባ። «ሲጨንቅሽ ያረቢ በይ። አገሩ የዐረብ ነው፤ ይገባቸዋል።»

አዲስ አበባ ደላላው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምን ትችያለሽ?» አለኝ።

«አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ላም አልባለሁ።»

«ላሟን ተያት። አሮጊት አስታመሽ ታውቂያለሽ?»

«አያቴን አስታምሜያለሁ።»

«ዳኑ?»

«አረፉ።»

«እሱን አትናገሪ» አለና ነርስ ናት ብሎ ላከኝ። «ኧረ እኔ ነርስ አይደለሁም፣ የሰው ነፍስ ነው» ብዬ ስጨነቅ «እግዚአብሔር ያሳውቅሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብደውልለት ስልኬን አላነሳልኝም። ለካ እግዜርን የሚጠራው ሁሉ እየጸለየ አይደለም፤ ከሥራው ዘወር እያለም ሊሆን ይችላል።

አማን ስንደርስ ፓስፖርታችንን ሰብስበው አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን። የእኔ ዐረብኛ እትዬ ዘይነባ ቤት የሰማሁት ብቻ ነው፤ እሱም ሁሉም የአላህ ነው። ፖሊሱ ጠራኝ። ምን እንዳለኝ የገባኝ ቆይቶ ቋንቋውን ስለምድ ነው።

«ኮንትራትሽን አንብበሽዋል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«የሚወስድሽ ሰው ማነው?»

«አላህ ከሪም።»

«ደመወዝሽን ታውቂዋለሽ?»

«ኢንሻአላህ።»

ጓደኛውን ጠርቶ «ና፣ ሼኻ መጥታልናለች!» አለውና እየሳቀ ማህተሙን መታልኝ።

የወሰደችኝ ማዳም ሱሃድ ትባላለች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቷን «ቴታ» ይሏቸዋል፣ እማማ እንደማለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ካልጋ አይወርዱም፣ ምላሳቸው ግን ሮጦ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ማዳም እፊታቸው አቆመችኝና «ነርስ ነሽ?» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩ። እግዜር ካለ ወደፊት ልሆን እችላለሁ ማለቴ ነበር። እሷ ትሕትና መሰላትና መርፌውን ሰጠችኝ። አንዴ አሳየችኝ፤ በማግስቱ የእኔ ሥራ ሆነ። መርፌውን ይዤ «ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው ወስፌ ነው፤ እባክህ አብረን እንውጋቸው» ብዬ ወጋኋቸው። ቴታ ተሳደቡ፤ ደኅና ናቸው ማለት ነው።

እንዲህ እያልኩ ሰነበትኩ። ሽራክ የሚሉት ስስ ቂጣቸው ከሩቅ እንጀራ ይመስላል፤ ስትቀርቢው ዓይን የለውም። ብርዱ ከኛ ደጋ ብርድ ይብሳል፤ እኛስ እሳት ዳር ተሰብስበን እንንቀጠቀጣለን፣ እዚህ ሰው በየክፍሉ ለብቻው ነው የሚንቀጠቀጠው። ዮርዳኖስ ተብዬው አገር ደግሞ የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ይህን ለንስሐ አባቴ በስልክ ብነግራቸው «ልጄ፣ በአገር አታሹፊ» ብለው ተቆጡኝ።

አንድ ቀን እነማዳም ለሠርግ ዐቀባ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተነሡ። ማዳም እናቷን ግንባራቸውን ስማ «ለአላህ ሰጥቼሻለሁ» አለቻቸውና በሩን ከውጭ ቆለፈችው። ለአላህ ሰጥታ ቁልፉን ግን ራሷ ይዛው ሄደች።

ቴታ ልጃቸው ስለተለየቻቸው አኩርፈው ነበር። መርፌውን ወጋኋቸው፣ ምሳውን ግን ገፉት። ለመንኩ፣ አልበላም አሉ። ዕቃ አጥቤ ስመለስ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ገላቸው እንደ በረዶ ነው። ጠራኋቸው፣ መልስ የለም። እጃቸውን ባነሣው ተመልሶ ወደቀ። ማዳም ጋ ደወልኩ፤ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ሠርግ ላይ ማን ስልክ ይሰማል? ከጭንቄ ብዛት ደላላው ጋ ሳይቀር ደወልኩ።

ካልጋው ሥር ተንበረከክሁ። ውዳሴ ማርያም ልል ብሞክር መጀመሪያው ጠፋኝ። ከልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት! «አልችልም። አልችልም፣ አንተ ታውቃለህ። ና» ብቻ አልኩ። መልአክ አልመጣም። ግን ተነሥቼ ወደ በረንዳው ሮጥኩ።

ከታች ለየቤቱ ጋዝ እያዞረ የሚሸጠው መኪና እንደ ልማዱ ሙዚቃውን ከፍቶ ያልፋል። የሕንጻው ዘበኛ፣ ሰዒድ የሚባል ግብጻዊ፣ መኪና ያጥባል። የወጥ ቤቱን ዐረብኛ ለቅሜ ነበር፤ ሰው ሲዝለፈለፍ ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረኝም። «ያረቢ!» ብዬ ጮኽሁ። ሰዒድ ቀና ብሎ «ያረቢ!» አለና እጁን አውለበለበልኝ፤ ሰላምታ መስሎታል።

የቀረኝ አንድ ነው። እትዬ ዘይነባ ቤት መርዶ ሲመጣ የሚባለው። ሳንባዬ እስኪሰነጠቅ «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» አልኩ።

ሰዒድ ባልዲውን ጣለው።

ከዚያ ሕንጻው በሙሉ ተነሣ። ከአንድ «ማርሐባ» ሰላምታ በቀር ቃል ወጥቶት የማያውቅ ጎረቤት ሁሉ ደረጃውን ሞላው። በሩን በብረት ሰበሩት። ግማሹ «ቀብሩ ከዐስር ሶላት በኋላ ይሁን» ይላል፣ ግማሹ «የለም፣ ልጇ ትምጣ» ይላል፤ ወጣቶቹ ለለቀስተኛ የሚሆን የፕላስቲክ ወንበር እያመጡ ይደረድራሉ። ከሁለተኛ ፎቅ የመጣች፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ረና የምትባል ሴት ብቻ ወዳልጋው ሄደች። የቴታን አንገት በጣቷ ዳሰሰች።

«ይቺ ሴት እኮ አልሞተችም! ስኳሯ ወርዶ ነው፤ ማር አምጡ!»

ሮጬ አመጣሁ፤ ድዳቸውን ቀባችው። ያቺን ሰዓት በምን እንደማስረዳችሁ አላውቅም። ከንፈራቸውን እያየሁ እኔም አብሬ የምሞት መሰለኝ። ቴታ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉና ወንበር የተሸከሙትን ሰዎች አዩ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

 አንድ ሽማግሌ «ማንም፣ አላህ ዕድሜ ይስጥሽ» ብለው ወንበራቸውን ይዘው ወጡ።

ማዳም በሠርግ ልብሷ እያለቀሰች ደረሰች፤ መንገዱን ሙሉ በስልክ «አላህ ያጽናሽ» ስትባል ነው የመጣች። እናቷ እርጎ ሲበሉ ስታይ ልቅሶዋ ወደ ቁጣ ዞረ። «እናቴን ገደልሻት! ነርስ አይደለሽም እንዴ?»

«ላ» አልኩ። አይደለሁም። እዚያ አገር ስለ ራሴ ስጠየቅ የመለስኳት የመጀመሪያዋ የአላህ ያልሆነች ቃል እሷ ነበረች፤ ከሁሉም ግን እግዜር ደስ ያለው በሷ ሳይሆን አይቀርም።

የሕንጻው ባለቤትም መጣ። የተሰበረውን በር ዞሮ ዞሮ አየና «ይህን ማን ነው የሚያሠራው?» አለኝ።

«አላህ ከሪም።»

«አላህ ቸር ነው» አለ ጢሙን እያሻሸ። «አናጢው ግን አይደለም።»

ቴታ ካልጋቸው ሆነው «የቆለፈችው ታሠራው! ለልጅቷም ቁልፍ ስጧት!» ብለው ጮኹ። ማዳም ቁልፍ ሰጠችኝ። ረናም መርፌ የሚወጋው ምግቡ ቀርቦ እንደሆነ፣ ጣት ተወግቶ ስኳር እንዴት እንደሚለካ አስተማረችኝ። ዛሬም ሳልጸልይ አልወጋም፤ ሳልለካም አልወጋም። ቴታ አሁንም ይሰድቡኛል፤ ሌላ ሰው ሲሰድበኝ ግን አይወዱም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። ጉልበቷ እንደያዛት፣ ውሃ መቅዳት እንዳቃታት እየሳቀች ነገረችኝ። እህቴ ለትምህርት ደሴ ሄዳለች።

«ታዲያ ከማን ጋር ነሽ እማ?»

«እግዜር አለ።»

«እሱማ አለ። ሌላስ?»

 በስልኩ ውስጥ የቤታችንን ቆርቆሮ ንፋስ ሲያንኳኳው ሰማሁ።

«እማ፣ ሌላስ ማን አለ?»

«ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ ልጄ» አለችኝ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።