ኤውዴሊዮ መሃል ክፍሉ ላይ የቆመ ዕለት

በኩባዋ ካማጉዌይ ከተማ የአየር ትንበያ ቢሮ ኤውዴሊዮን የማይፈራ አልነበረም። ኢንተርኔቱ ሶፍትዌር ቀርቶ ደብዳቤ እንኳ በማያወርድበት ቢሮ፣ ሰው በፍላሽ ያመጣለትን ሶርስ ኮድ፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ በገዛ እጁ ኮምፓይል እያደረገ ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ ሲቀይርና ሲጭን ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። እጁ የተባረከ ነበር፤ ምላሱ ግን እሬት። ጨካኝ ነበር፣ ማለባበስ አያስፈልግም። የተሳሳተውን ሠራተኛ መሃል ክፍሉ ላይ ያቆመውና ስክሪኑ ላይ የወጣውን የስህተት መልእክት ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደርገው ነበር። ዮስባኒ ገና ጀማሪ ሳለ አሥራ ሰባት መስመር አስነብቦት፣ እንባው ሲመጣ "ቀጥል፣ ገና ይቀራል" ብሎታል።

በማዕበሉ ወቅት የቢሮው ኃላፊ ዲግና ኤውዴሊዮን ጠራችው።

"የዝናብ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም፣ ላይብረሪው፣ አርጅቷል። አዲሱ እስከ አርብ በአሥራ አንዱም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ካልሠራ ወንበርህን ለዮስባኒ ትለቃለህ። አንተ በር ትጠብቃለህ።"

ኤውዴሊዮ ሳቀ። በአሮጌዎቹ ማሽኖች ኮምፓይል ማድረግ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ መብራቱም እየጠፋ አያስጨርስም። ስለዚህ የዲግናን አዲስ ኮምፒውተር ተዋሰ። ስሌቱ እንዲፈጥንም ላይብረሪውን ለዚያው ማሽን ፕሮሰሰር ብቻ እንዲስማማ አድርጎ ኮምፓይል አደረገው። ሙከራውንም እዚያው አደረገ፤ አንድ ስህተት አልወጣም።

ዮስባኒ ከኋላው ቆሞ ኤውዴሊዮ የጻፈውን ትእዛዝ አንብቦታል። እንዲህ የተሠራ ነገር አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ እንደማይሄድ ያስተማረው ራሱ ኤውዴሊዮ ነበር።

"ምን ታያለህ? ቀናህ እንዴ?" አለው ኤውዴሊዮ።

"ኧረ መምህር፣ እየተማርኩ ነው።"

ኤውዴሊዮ በራሱ ተማምኖ የድሮውን ላይብረሪ ከአሥራ አንዱም አጥፍቶ አዲሱን ቀድቶ ጫነባቸው። አርብ ቢሮው በሙሉ ተሰብስቦ ሳለ የመጀመሪያው ማሽን ስሌቱን ጀመረና ወዲያው ቆመ። ሁለተኛውም ቆመ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስህተቱ ትእዛዙ ውስጥ እንደነበር ገባው።

"አይተኸው ነበር?" አለ ወደ ዮስባኒ ዞሮ።

"አይቼው ነበር።" ዮስባኒ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "መምህር፣ እስቲ መሃል ይቁሙና ጮክ ብለው ያንብቡልን።"

ኤውዴሊዮ ዲግናን አያት። እሷ ሰዓቷን አየች። በስድሳ አንድ ዓመቱ፣ ሠራተኞቹን ሲያቆምበት በኖረው ቦታ ቆመ። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮም አያውቅም።

"ሕገ ወጥ ትእዛዝ" ብሎ ከመጀመሪያው ማሽን ስክሪን ላይ አነበበ፤ አሮጌ ፕሮሰሰር የማያውቀው ትእዛዝ ሲደርሰው የሚያወጣው መልእክት ነበር።

"አልተሰማም" አለች አንዷ ሠራተኛ ከኋላ።

"ሕገ ወጥ ትእዛዝ።"

"ይቀጥሉ መምህር" አለ ዮስባኒ። "ገና አሥር ማሽን ይቀራል።"