ያልተቆረጠመ ቦሎቄ

ጪጩ ገበያ ላይ የቦሎቄን ድርቀት የምንለካው በጥርሳችን ነው፤ ቆርጥመናት ቀጭ ካለች ደርቃለች። ጎኔ የሚሸጠው ነጋዴማ ቀኑን ሙሉ ሲቆረጥም ነው የሚውለው።

ባለፈው ክረምት ሳይዘራ የተረፈ የዘር ቦሎቄ ይዞ መጣ። የዘር ቦሎቄ አፈር ውስጥ እንዳይበሰብስ፣ ትልም እንዳይበላው፣ ጠንክሮ እንዲበቅል በቀይ መድኃኒት ይታሻል። ለመሬት እንጂ ለሆድ አይደለም፤ መርዙ ቢታጠብም አይለቅም። ሰውዬው ግን ዓይኔ እያየ በሳፋ አጠበው፣ ቀዩን ውሃ ቦይ ውስጥ ደፋው፣ አስጥቶ ካደረቀው በኋላ ለንፍሮ አቀረበው።

ልጅ ያዘለች ሴት መጥታ ዘንቢሏን ከፈተች።

“ንጹሕ ነው እህቴ፣ የታጠበ!” አላት። መታጠቡንስ አልዋሸም።

“ወንድሜ፣ እስቲ አንዷን ቆርጥምላት” አልኩት።

“ጥርሴን አሞኛል።”

“አሁን በቆሎ ሲግጥ የነበረውን ጥርስ?”

ሴትዮዋ አፉን አፉን አየችው። አልከፈተውም። ዘንቢሏን አንስታ ሄደች፤ ለሌሎቹም ስትነግር ጆንያው እንደሞላ ዋለ።

“ገበያዬን ዘጋህብኝ!” ብሎ አኮረፈኝ። ምሳ ሲደርስ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ በሳሙና ሲፈትግ አየሁት። ምራቄን የተፋሁት ያን ጊዜ ነው።